ከባዱ የመጻሕፍት ሣጥን

ወገኖቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ በሆላንድ አገር ስላለች አንዲት ትንሽ ግንብና በዙሪያዋ ስላሉ መንደሮች ነው። ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ መንገዱ ውሃ ለውሃ ነውና የሚያስቸኩል ነገር የለውም።

ሁለት ወንዞች አሉ። አንዱ ዋል ይባላል፤ ከጀርመን የሚወርደው የራይን ወንዝ ትልቁ ክንድ ነው። ሌላው ማስ ነው፤ ከፈረንሳይ ተነሥቶ ቤልጅግን አቋርጦ ይመጣል። እነዚህ ሁለቱ ወደ ምዕራብ ጎን ለጎን ሲወርዱ ይቆዩና፣ አንዴ ቀረብ አንዴ ራቅ ሲሉ ይቆዩና፣ መጨረሻ ላይ ይገናኙ ነበር፤ ከተገናኙም በኋላ የሁለቱም ስም ይቀርና ሜርቬደ ተብለው ወደ ባሕር ይሄዱ ነበር። እንግዲህ ከመጋጠማቸው በፊት በመካከላቸው እየጠበበች የምትመጣ ጨፌ መሬት አለች፤ በዚያች መሬት ጫፍ ላይ ነው ሉቨስታይን የቆመችው።

ትልቅ ቤተ መንግሥት እንዳይመስላችሁ። የሸክላ ግድግዳዋ ወፍራም ነው፣ ውሃ የሞላበት ጉድባ ይዞራታል፣ ከዚያም ወዲያ ለመድፍ የተሠራ የአፈር ካብ አለ፤ ነገር ግን ወርቅ የተነጠፈባት፣ ነገሥታት የተሞሸሩባት ቤት አይደለችም። ጠንካራና ጠባብ ናት። በጀርባዋ ባለው ሜዳ ፑደሮየንና ብራከል የሚባሉ መንደሮች አሉ። ከማስ ማዶ ዋውድሪኸም የምትባል በቅጥር የተከበበች የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። ከዋል ማዶ ደግሞ ባለ ገበያዋ ጎሪንኸም አለች። ዛሬ እነዚህ ጎረቤታሞች በሦስት ልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር ተከፋፍለው ይኖራሉ፤ ግንቧ በኸልደርላንድ፣ ዋውድሪኸም በሰሜን ብራባንት፣ ጎሪንኸም በደቡብ ሆላንድ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል እንጂ ሰዎቹ የሚተያዩ ናቸው፤ የሚለያያቸውም ውሃ ነው፣ የሚያገናኛቸውም ያው ውሃ ነው።

ግንቧን ያሠራው ዲርክ ሉፍ ፋን ሆርነ የሚባል ጌታ ነው፤ ስሟም የተወሰደው ከእሱ ስም ነው። ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 1360ዎቹ ገደማ ነበር፤ ከዚህ በኋላም የምጠራላችሁ ቀን፣ ወርና ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው። ይህ ሰው ምን ፈልጎ እዚያ ጨፌ ላይ እንደ ሠራ አትጠይቁኝ፤ ቦታውን ያየ ሁሉ ይገባዋል። ከጀርመን ወይን ጭኖ የሚወርድ ጀልባ በዚያ ያልፋል፣ ከማስ በኩል ድንጋይና እህል ጭኖ የሚመጣም በዚያ ያልፋል፤ ታዲያ በሁለት ወንዝ ጉሮሮ ላይ የተቀመጠ ሰው ሳይዘራ ያጭዳል፤ ቀረጡን ይሰበስባል። የዋውድሪኸም ሰዎች ግን ከእነዚሁ ከሆርነ ጌቶች አንድ መልካም ነገር አግኝተዋል፤ በዚያው በ14ኛው ክፍለ ዘመን በወንዙ ዓሣ የማጥመድ መብት ተሰጣቸው፤ ያንንም መብት ልጅ ከአባት እየተቀበለ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ይዞት ቆየ፤ እስከ ዛሬም ከተማዋ እንደ ቅርስ ትጠብቀዋለች። ጌቶቹ አልፈዋል፣ ቀረጡም ቀርቷል፣ የአጥማጆቹ መብት ግን አለ። እኔ ይህን ነገር ስሰማ ደስ ይለኛል።

ከዚያም ጊዜው ሄደ፤ ሄደና ሆላንድ በስፔን ንጉሥ እጅ ወደቀች፤ የአልባ መስፍን የሚሉት ጨካኝ ገዢም መጣ፤ ሕዝቡም በሃይማኖትና በግብር እየተጨነቀ መሸፈት ጀመረ። በ1570 በታኅሣሥ ወር፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ጊዜ፣ ጥቂት መነኮሳት ወደ ሉቨስታይን በር መጥተው ማደሪያ ለመኑ ይባላል። በሩም ተከፈተላቸው። መነኮሳት ግን አልነበሩም። መሪያቸው ሄርማን ደ ራይተር የሚባል የከብት ነጋዴ ነበር፤ ከቀሚሱ በታች ሰይፍ ታጥቆ ነበር፤ ሌሎቹም ጓደኞቹ እንደዚያው። የግንቧን ሹም ገደሉና በዐመፁ መሪ በዊለም ፋን ኦራንየ ስም ግንቧን ያዙ።

ያዙ እንጂ ማን ይድረስላቸው? የሚጠብቁት ርዳታ ሳይመጣ የስፔን ወታደሮች መድፍ ይዘው ደረሱ፤ ግድግዳውም ተሰበረ። ደ ራይተር በሁለት እጅ በሚያዝ ረጅም ሰይፍ በር ላይ ቆሞ ሲዋጋ ቆየና፣ መውጫ እንደሌለው ባየ ጊዜ ወለሉ ላይ በነሰነሰው ባሩድ እሳት ለቆ ከገቡት ጋር አብሮ ጠፋ ብለው ይተርካሉ። ራሱን ቆርጠው ወደ ደን ቦስ ከተማ ወስደው ለሕዝብ ማስፈራሪያ ሰቀሉት። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ግንቧ በአማፅያኑ እጅ ገባች፤ ከዚያ ወዲህም ስፔን አላገኛትም። የከብት ነጋዴው ያንን አላየም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ሆላንዶች ከስፔን ጋር ለጥቂት ዓመታት ዕርቅ ባደረጉበት ጊዜ እርስ በርሳቸው ተጣሉ። የጠቡ መነሻ በላይደን ከተማ በሁለት መምህራን መካከል የተነሣ ጥያቄ ነበር። እግዚአብሔር የሚድነውንና የሚጠፋውን ከፍጥረት በፊት ቆርጦ ጨርሷል ወይስ ሰው ጸጋውን ለመቀበል ወይም ለመግፋት ፈቃድ አለው? ከፈቃድ ወገን የቆሙትን በመምህራቸው በአርሚኒየስ ስም አርሚኒያን አሏቸው። ነገሩ ከመምህራን ወንበር ወረደና መንደር ገባ፤ በአንድ ደጀ ሰላም የሚሳለሙ ሰዎች ተለያዩ፤ ከዚያም ሹማምንት ገቡበት፤ ሹማምንት ከገቡ በኋላ ደግሞ ጥያቄው ስለ ጸጋ መሆኑ ቀርቶ አገሩን ማን ይግዛ ሆነ። በአንድ በኩል የጦር አዛዡ ልዑል ማውሪትስ፣ በሌላው በኩል አገሩን ለሠላሳ ዓመት ያስተዳደረው ሽማግሌው ኦልደንባርነፌልት። በዶርድሬኽት ከተማ ጉባኤ ተጠርቶ አርሚኒያኖቹ ተወገዙ፤ ኦልደንባርነፌልትም በ1619 በግንቦት ወር፣ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ፣ በሄግ አደባባይ አንገቱ ተቆረጠ።

ከሽማግሌው ጋር አብረው ከተያዙት አንዱ ሁኾ ደ ኽሮት ነበር፤ የሕግ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ግሮሽየስ በሚለው ስሙ ያውቀዋል። በአሥራ አንድ ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ ከመልእክተኞች ጋር ፈረንሳይ ሄዶ ንጉሡን ያስደነቀ፣ ባሕር የማንም የግል ርስት አይደለም ብሎ በ1609 መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። በሠላሳ ስድስት ዓመቱ፣ በሰኔ ወር፣ በጀልባ አሳፍረው ወደ ሉቨስታይን አመጡት።

ሚስቱ ማሪያ ፋን ራይኸርስበርኽ ትባላለች፤ የዜላንድ ሴት ናት፤ ባሕር ዳር ያደገች፣ ቆራጥ። ባሏ ይቅርታ ይጠይቅ ሲሏት በደል ሳይኖር ምን ይቅርታ አለ ብላ እምቢ አለች ይባላል። ከእሱ ጋር ልታሰር አለች፤ ፈቀዱላት፤ ልጆቿንና ኤልስየ ፋን ሃውወኒንግ የምትባል ወጣት አገልጋይዋን ይዛ ገባች።

እንግዲህ በዚያ ወፍራም ግድግዳ ውስጥ ሁለት ክረምት አለፈ። የዚያን አገር ክረምት አስቡት፤ ፀሐይ አርፍዳ ትወጣለች፣ ቶሎ ትገባለች፣ በመካከሉም ብዙ ጊዜ አትታይም፤ ከሁለቱ ወንዝ የሚነሣው ጉም ጉድባውን ተሻግሮ በመስኮት ይገባል፣ ልብስ ተሰጥቶ አይደርቅም። ሰውየው ያነባል፣ ይጽፋል። አገሩ የሚዳኝበትን ሕግ በአገሩ ቋንቋ ጻፈ፤ ያ መጽሐፍ ዛሬም በደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤቶች ሲጠቀስ ይሰማል። ለመርከበኞችም አሰበ፤ በሩቅ ባሕር ከሙስሊሙም ከአረማዊውም ጋር ሲገናኙ ስለ ሃይማኖታቸው መልስ እንዲኖራቸው ረጅም የግጥም መጽሐፍ ጻፈላቸው። ሰውነቱ እንዳይተሳሰር ደግሞ ትልቅ እሽክርክሪት አሠርቶ ክፍሉ ውስጥ እንደ ልጅ እየመታ ያሽከረክር ነበር። የአውሮፓ ሊቅ፣ በእሽክርክሪት! ይህን ሲነግሩኝ ከመጽሐፎቹ ሁሉ ይበልጥ አሳዘነኝ።

የሚያነባቸው መጻሕፍት ከየት ይመጡ ነበር? ከላይደን፣ ከወዳጁ ከኤርፔኒየስ። ኤርፔኒየስ የዐረብኛ ሊቅ ነው፤ ግዕዝንም ተምሯል ይላሉ፤ የተወለደውም እዚያው ማዶ ጎሪንኸም ነው። እኅቱ በጎሪንኸም ዳትሰላር የሚባል ነጋዴ አግብታ ትኖር ነበር። ስለዚህ መጻሕፍቱ በትልቅ ሣጥን ሆነው ከላይደን ዳትሰላር ቤት ይመጣሉ፣ ከዳትሰላር ቤት በጀልባ ግንቧ ይገባሉ፤ ተነብበው ሲያልቁ ከሚታጠበው ልብስ ጋር በዚያው ሣጥን ይመለሳሉ። ጠባቂዎቹ መጀመሪያ ሰሞን ሣጥኑን እየከፈቱ ይበረብሩ ነበር። መጽሐፍ፣ ሸሚዝ፣ መጽሐፍ፣ ሸሚዝ። ሰለቻቸው። አንድ ቀን ሳይከፍቱ አሳለፉት፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ሳይከፍቱ አሳለፉት፤ ባሏ መጽሐፉን ሲያይ ማሪያ ደግሞ ይህን ታይ ነበር።

ከዚያም አንድ ማታ ሣጥኑ ውስጥ ግባ አለችው። ርዝመቱ አራት ጫማ እንኳ የማይሞላ ነበር ይላሉ፤ ሰውየው ጉልበቱን አጥፎ በጎኑ ካልተኛ አያስገባውም፤ አየርም የሚገባው በቁልፉ ቀዳዳ ብቻ ነው። እሷ ክዳኑን ዘግታ ከላይ ተቀመጠች፤ የአሸዋውን ሰዓት ገልብጣ ጠበቀች። ጀልባው ከግንቧ ጎሪንኸም የሚደርስበትን ያህል ጊዜ መቆየት አለበት፤ ትንፍሽ ሳይል፣ ሳይስል። ሌላ ማታ ደግሞ ሞከሩ። ደግሞም ሞከሩ። ቻለው።

ቀኑን የመረጠችውም እሷ ናት። በመጋቢት ወር በጎሪንኸም የዓመት ገበያ ይቆማል፤ ከተማው በነጋዴ፣ በገበሬና በእንግዳ ይጥለቀለቃል፤ ማን ገባ ማን ወጣ የሚባል ነገር የለም። በዚያው ሰሞን የግንቧ ሹም ለማዕረግ ጉዳይ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ ነበር። ማሪያ ወደ ሹሙ ሚስት ሄደችና ባሌ በንባብ ብዛት ታመመብኝ፣ እነዚህን መጻሕፍት ከፊቱ ላርቅለት እፈልጋለሁ አለቻት። ሴትየዋም ፈቀደች። ማን ይከለክላል?

ከዚያ በኋላ አንድ የሚቀር ነገር ነበር። ሣጥኑን ማን ይከተለው? ማሪያ ራሷ ብትሄድ ያስጠረጥራል፤ ደግሞም ባሏ ታሞ ተኝቷል ካለች አጠገቡ መገኘት አለባት። ኤልስየን ጠየቀቻት። ቢታወቅ የሚጠብቃት ቅጣት የእመቤትነት ስም የማይጋርደው ቅጣት ነው። ልጅቷ እሺ አለች።

በመጋቢት 22 ቀን 1621 ማለዳ ነፋስ ነበረ። ሰውየው ጸሎት አደረገና በውስጥ ልብስና በሐር ካልሲ ብቻ ሆኖ ሣጥኑ ውስጥ ገባ፤ ከራሱ በታች አዲስ ኪዳን አደረጉለት ይባላል። ማሪያ ቆለፈችና ቁልፉን ለኤልስየ ሰጠቻት። የአልጋውን መጋረጃ ጋረደች፣ የባሏን ልብስ ወንበር ላይ አደረገች፣ ጫማውንም ከአልጋው ሥር አኖረች። ከዚያም ወታደሮቹን ጠራች።

ወታደሮቹ መጡ፣ ሣጥኑን አነሡ፣ ከበዳቸው። አንዱ እየቀለደ ምን ይሆን እንዲህ የከበደው፣ አርሚኒያኑ ውስጡ አለ እንዴ አለ። ማሪያም ፊቷን ሳትለውጥ የአርሚኒያን መጻሕፍት ናቸው አለችው። ተሸክመው ደረጃውን ወረዱ፤ በር አለፉ፤ ሌላ በር አለፉ፤ ድልድዩን ተሻገሩ፤ ሣጥኑም አንዴ በአንድ ጎኑ፣ አንዴ በሌላው እያዘመመ ወንዙ ዳር ደረሰ። እሷ ከላይ፣ በመስኮት፣ ታያለች።

ጀልባው ሲነሣ ኤልስየ ሣጥኑ እንዳይንሸራተት በገመድ ይታሰር አለች፤ ነፋሱ ጀልባውን ያዘምመዋልና። ባለ ጀልባው አሰረላት። አንድ ሰው መጥቶ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠና በተረከዙ ይመታው ጀመር፤ ልጅቷ በዘዴ አስነሣችው። በጀልባው ላይ ቆማ መሐረቧን ወደ ግንቧ አውለበለበች፤ እስካሁን ደህና ነው ማለቷ ነው። ከዚያ በኋላ ውሃው ብቻ ቀረ። ከሉቨስታይን ጎሪንኸም በዓይን ቅርብ ነው፤ ሣጥን ውስጥ ታጥፎ ለተኛ ሰውና አጠገቡ ለቆመች ልጅ ግን እንዴት ያለ ሩቅ እንደነበር እናንተው ገምቱት።

ጎሪንኸም ወደብ ሲደርሱ ባለ ጀልባው ሌላውን ጭነት መጀመሪያ ላውርድ አለ። ኤልስየ የለም፣ የእኔ ይቅደም፣ ውስጡ የሚሰበር ነገር አለ ብላ ዋጋ ጨመረችለት። ባለ ጀልባውና ልጁ ሣጥኑን በቃሬዛ ጭነው በገበያው መካከል አለፉ። ልጁ ውስጡ ሕይወት ያለው ነገር ተሰማኝ ቢል፣ ኤልስየ መጻሕፍትም ሕይወት አላቸው ብላ መለሰችለት ይባላል። ይህን ነገር በኋላ ሰው አሳምሮ ጨምሮት ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ከእሷ ላይ መንጠቅ አልፈልግም፤ ያን ቀን ለሠራችው አንድ ጥሩ መልስ አይበዛባትም።

የዳትሰላር ሱቅ በገዢ ተሞልቷል። ኤልስየ በሰው መካከል አልፋ ለቤቲቱ እመቤት በጆሮዋ ነገረቻት። ሴትየዋ ልቧ ሊጠፋ ደረሰ፤ ባልየው ደግሞ ፈራ፤ እኔ አላየሁም አልሰማሁም አለ። ፈራ ብላችሁ አትፍረዱበት፤ ነጋዴ ነው፣ ቤት አለው፣ ልጆች አሉት። ሴቶቹ ግን ሣጥኑን በጓሮ ክፍል አስገብተው ከፈቱት። ሰውየው ከመቃብር እንደ ወጣ ተነሣ።

አሁንም አላለቀም፤ ከከተማው መውጣት አለበት። ያን ላምበርትስ የሚባል አንድ ግንበኛ ተጠራ። የግንበኛ ልብስ አመጣ፤ ሱሪው አጠረ፣ እጅጌውም አልበቃ አለ። እጁ ደግሞ የጸሐፊ እጅ ነው፤ ነጭ፣ ለስላሳ፤ ስለዚህ በኖራ ቀቡት። በአንድ እጁ የግንበኛ ማንኪያ፣ በሌላው የመለኪያ ዘንግ አስያዙትና፣ ገበያተኛው ግራና ቀኝ እየገፋው፣ ከግንበኛው ጋር ወደ ወንዙ ወረደ። ሜርቬደን ተሻገሩ፤ በብራባንት መንገድ ቫልቫይክ ደረሱ፤ ከዚያም በሠረገላ አንትወርፐን ገባ፤ አንትወርፐን የስፔን ነበረችና የሆላንድ ሹማምንት እጅ አይደርስባትም።

ማሪያ የባሏን መዳን እስክታውቅ ድረስ በሽተኛ የምታስታምም መስላ ቆየች። ከታወቀ በኋላ ሹሙ ተቆጣ፣ እስሯንም አጠበቀባት፤ ሄግ ያሉት ሹማምንት ግን ሚስት ባሏን አዳነች ብሎ መቅጣት አሳፍሯቸው በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ለቀቋት። ኤልስየ በኋላ ከሰውየው አሽከር ጋር ተጋባች፤ አሽከሩም በእስር ቤት ከጌታው ሕግ ሲማር የቆየ ነበርና ጠበቃ ሆነ። በ1625 ሰውየው በፓሪስ ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም ሕግ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ፤ መንግሥታት እርስ በርሳቸው በሕግ ይኑሩ የሚል ሁሉ እስከ ዛሬ ከዚያ መጽሐፍ ይጀምራል። አንድ ነገር ግን ልጨምርበት። ያ ሊቅ ሕግ ሊጽፍ የቻለው አንዲት አገልጋይና አንድ ግንበኛ ሕግ ስለ ጣሱለት ነው፤ እሱም ይህን ሳያስበው የኖረ አይመስለኝም።

በፓሪስ ሳለ በዙሪያው ከሚሰበሰቡት ወጣት ጀርመኖች አንዱ የሉቤኩ ተወላጅ ፒተር ሃይሊንግ ነበር። ይህ ልጅ ከግሮሽየስ ጋር ከተዋወቀ በኋላ ወደ ምሥራቅ ሄደ፤ ግብፅ ገባ፤ በ1634 ገደማም ከአዲሱ ጳጳስ ከአቡነ ማርቆስ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ወጣ። ዘመኑ የዐፄ ፋሲል ነው፤ የሱስንዮስ ጊዜ የሃይማኖት ደም ገና አልደረቀም፤ ኢየሱሳውያንም ተባረዋል። ሃይሊንግ በቤተ መንግሥቱ ሲያክምና ሲያስተምር ቆየ፤ የዮሐንስንም ወንጌል ወደ አማርኛ መልሷል ይባላል። በወንዞች መካከል ካለች ጠባብ ግንብ የወጣው ሣጥን ነገሩ እስከዚህ ድረስ መጣ።

ግን ሁሉም አልወጣም። ሆኸርቤትስ የሚባል ሌላ የሕግ ሰው በዚያው ግንብ ታስሮ ነበር። ሚስቱም እንደ ማሪያ ተከትላው ገብታ ነበር፤ በ1620 እዚያው ውስጥ ሞተች። እሱ ቀረ። ጎረቤቱ ካመለጠ በኋላ አራት ዓመት ተቀመጠ፤ በ1625 ከግንቧ አወጡት፣ ሳምንታት ሳይቆይ ሞተ። ስለ እሱ የሚቀመጥ ሣጥን የለም። ለግሮሽየስ ግን ሦስት አሉ፤ አንዱ በአምስተርዳም ሙዚየም፣ አንዱ በዴልፍት፣ አንዱ በራሷ በሉቨስታይን፤ ሁሉም እኔ ነኝ እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል።

ግንቧም እስረኛ መቀበሏን አልተወችም። በ1650 የኦራንየው ልዑል የሆላንድን ሹማምንት እዚያ አሰረ፤ ከእነሱም አንዱ በኋላ አገሩን የመራው የዮሃን ደ ዊት አባት ነበር። በ1666 ደግሞ በባሕር ላይ የተማረከ የእንግሊዝ አድሚራል ገባባት።

ከዚያም 1672 መጣ። የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ በታላቅ ጦር ወረደባቸው። ሆላንዶች ምን አደረጉ? ግድባቸውን ከፈቱ፤ ውሃውን በገዛ ማሳቸው ላይ ለቀቁት። ጉልበት ድረስ ያህል ብቻ ነው የሚሞላው፤ ለእግረኛና ለፈረስ ይበዛል፣ ለጀልባ ያንሳል፤ ከሥሩም ቦይና ጉድጓድ ስለማይታይ የገባበት ይሰምጣል። የደረቀው መንገድ ሁሉ በምሽግ ተዘጋ፤ ሉቨስታይን፣ ዋውድሪኸምና ጎሪንኸም የወንዙን መንገድ ዘጉ። አገሩ ዳነ። ማሳው የሰጠመበት ገበሬ ግን በብዙ ቦታ ውሃውን እየተቃወመ ነበር፤ ውሃው ሲለቀቅበት ቆሞ ያየው እሱ ነው። ያ የውሃ መከላከያ በኋላ ተሻሽሎ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አገለገለ፤ በ2021ም የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ሉቨስታይንም አብራ ገባች።

ወንዞቹስ? ተለያዩ። ዋል በሞላ ቁጥር ማስን ወደ ኋላ እየገፋው የብራባንትን መንደሮች ያሰጥም ነበርና፣ መንግሥት ለማስ አዲስ መውረጃ ቆፈረለት፤ በ1904ም ንግሥት ዊልሄልሚና መርቃ ከፈተችው። በግንቧ አጠገብ የቀረው አሮጌ ማስ ተገደበ፤ ስሙም የተገደበው ማስ ሆነ። በዋውድሪኸም መረብ ውስጥ ይገባ የነበረው ሳልሞንም እየሳሳ ሄዶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጠፋ።

ውሃው ግን ቤቱን አልረሳም። በ1995 ክረምት፣ በጥር መጨረሻ፣ ዋልና ማስ አብረው ሞሉ። የአፈር ግድቡ ውሃ ጠጥቶ መለስለስ ጀመረ። ከዚያም የብራከልና የፑደሮየን ሰዎች፣ በሁለቱ ወንዞች መካከል ያሉ መንደሮች ሁሉ፣ ውጡ ተባሉ፤ ወደ 250,000 የሚሆን ሕዝብ አልጋውን ጥሎ ወጣ። ላሞች በመኪና ተጫኑ፣ አሳማዎች ተጫኑ፣ ሰው የቤቱን ዕቃ ወደ ላይኛው ወለል አወጣና በሩን ቆልፎ ሄደ፤ ምን እንደሚያገኝ ሳያውቅ። ግድቡ ቻለ። ቀናት አለፉና ሁሉም ተመለሰ።

ከተመለሱ በኋላ ትልቅ ምክር ተመከረ። ግድብ በግድብ ላይ መቆለል ማብቂያ የለውምና ወንዙ ራሱ ቦታ ይሰጠው ተባለ። ከግንቧ ጀርባ ባለው ሙኒከንላንድ በሚባለው ሜዳ ግድቡ ወደ ኋላ ተነሥቶ እንደ ገና ተሠራ፤ የታረሰው መሬት ለውሃ ተለቀቀ። ዛሬ በዚያ ከብቶችና ፈረሶች ዓመቱን ሙሉ በሜዳው ይውላሉ ያድራሉ፤ በበጋ ደግሞ ከጎሪንኸምና ከዋውድሪኸም ሰው ብስክሌቱን በጀልባ ጭኖ ይሻገራል፤ ጀልባዋም ትመላለሳለች።